ከእንጥሉ በላይ

በጎንደርና በዙሪያው ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው ጉሮሮው ነው። አያት ወይም ጎረቤት ሕፃኑን ወደ ደጅ ብርሃን ታዞረዋለች፣ በማንኪያ እጀታ ምላሱን ትጫነዋለች፣ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ትመለከታለች። እዚያ የምታገኘው እንጥሉን ነው፤ ቀልቶ፣ ትንሽ አብጦ፣ ተንጠልጥሎ። ልጁ ቢያስለው፣ ቢያስመልሰው፣ ጡት አልይዝ ቢል፣ ቢከሳ፣ ተኝቶ ቢያንኮራፋ ክሱ የሚወድቀው በዚያች በምትታየው ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው። «እንጥሉ ወርዷል፤ ሳይፈነዳ ይቆረጥ» ይባላል። ከእንጥሉ በላይ ግን፣ ከአፍንጫው ጀርባ፣ ማንኪያም የደጅ ብርሃንም የማይደርስበት ቦታ አለ። የብዙ ልጆች ችግር ያለው እዚያ ነው። ይህን በገዛ ቤቴ፣ በእህቴ ልጅ ላይ አይቻለሁ።

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ካቆማቸው ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ከበሩ ላይ ሆኜ የማየው ባጃጁን፣ ሊስትሮውን፣ ደጅ የወጣውን የማኪያቶ ቤት ወንበር ነው። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደምቢያ ገበያ የወጡ እናቶች ሸቀጣቸውን ከሸጡ በኋላ ልጅ አዝለው ይገባሉ። «እህትዓለም፣ ለዚህ ልጅ የቶንሲል መድኃኒት ስጭኝ» ይላሉ። አንዳንዷ የባዶውን የአሞክሳሲሊን ጠርሙስ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ታሳየኛለች፤ ባለፈው ወር የጨረሰችው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረውም ወር እንዲሁ።

ከጊዜ በኋላ እናቲቱ ሳትናገር የልጁን ፊት ማወቅ ጀመርሁ። አፉ ክፍት ነው። የላይኛው ከንፈሩ አጠር ብሎ የፊት ጥርሶቹ ይታያሉ። ከዓይኑ ሥር ጠቆር ብሏል። አፍንጫውና ከንፈሩ መካከል ንፍጥ አቁስሎታል። ስሙን ስጠይቀው እናቱን ያያል እንጂ አይመልስም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ያም ሆኖ ያን ፊት ባየሁ ቁጥር «ሌሊት እንዴት ነው የሚተኛው?» ብዬ መጠየቅ የለመድሁት ከአቡሽ በኋላ ነው።

አቡሽ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ደባርቅ ታስተምራለች፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ጎንደር መዋዕለ ሕፃናት እንዲገባ ወደ እኔ ላከችው። 2010 ዓ.ም. ነበር። በመጣበት ሌሊት ከጎኔ አስተኛሁትና እንቅልፍ አጣሁ። የሚያንኮራፋው እንደ ትልቅ ሰው ነው። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ በመካከሉ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ይነሣል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አየር ግን አይገባም። እቆጥራለሁ። ከዚያ ከውኃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ አንድ ጊዜ በኃይል ስቦ፣ ተገላብጦ፣ እንደገና ማንኮራፋት ይጀምራል። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አገጩን ወደ ጣሪያ አንሥቶ ነው የሚተኛው። በታኅሣሥ ብርድ፣ ሁላችንም ጋቢ ደርበን፣ እሱ ላብ አጥምቆት ትራሱ ይረጥባል። ፍራሹም ይረጥባል። እናቱ በስልክ «ሽንቱን ስለሚለቅ ማታ ውኃ አትስጭው» ብላኝ ነበር።

ቀን ቀን ደግሞ ሌላ ነገር አያለሁ። ምግብ ላይ ይቆያል። ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ አፉን ከፍቶ ይተነፍስና መልሶ ያኝካል፤ ማኘክና መተንፈስ አንድ ላይ አይሆኑለትም። ቤተሰቡ «ምግብ አይወድም» ይለዋል። ድምፁ የታፈነ ነው፤ «እማማ» ሲል «እባባ» ይመስላል፣ «ና» ሲል «ዳ» ነው የሚሰማው። የሚያወራው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ሰው ንግግር ነው፤ ጉንፋኑ ግን አይለቅም። ከመዋዕለ ሕፃናቱም መልእክት መጣ፤ ልጁ ትምህርት አይከታተልም፣ ሲጠሩት አይመልስም፣ ፈዛዛ ነው። ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል።

ነገሩ ከአፍንጫ ያለፈ መሆኑን የተረዳሁት በከተራ ዕለት ነው። ጥር 10 ፒያሳን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞልቶ፣ ወጣቱ እየጨፈረ፣ ሁሉም ታቦታቱን ተከትሎ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ይወርዳል። አቡሽ እጄን ለቀቀ። ጀርባውን አየዋለሁ፤ ከእኔ ጥቂት ርምጃ ቀድሞ አንድ ፊኛ ሻጭ ዘንድ ቆሟል። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። በዙሪያው ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ እሱ አልዞረም። ደርሼ ትከሻውን ስይዘው ደንግጦ ፈገግ አለ። ማታ ቤት ገብተን ሲረጋጋ ከኋላው ሆኜ በሹክሹክታ «አቡሽ፣ ከረሜላ» አልሁ። ከረሜላ ሰምቶ የማይዞር ልጅ የለም። አልዞረም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ለጥምቀት መጥተው ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወገራ ከተማ ናት፤ እኔም የተወለድሁት እዚያው አጠገብ ባለ ገጠር ነው። እናቴ የልጁን ማንኮራፋት አንድ ሌሊት አዳምጠው ሲነጋ ወደ ደጅ አወጡት፤ ማንኪያ አምጪ አሉኝ።

«ይኸውልሽ፤ እንጥሉ ምላሱ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። እንዲህ አድርጋችሁ ነው ልጅ የምታሳድጉት?»

«እማዬ፣ እንጥል የሌለው ሰው አለ? ሁሉም አለው።»

«አንቺ የለሽም፤ ምን ሆንሽ?»

እውነታቸውን ነው፤ የለኝም። ከእህት ወንድሞቼ ጋር በአንድ ጠዋት ነው የተቆረጥነው። ትንሽ ልጅ ስለነበርሁ ብዙውን አላስታውስም፤ የማስታውሰው የቆራጩን የጉልበቱን ሽታ ነው፤ ራሴን በሁለቱ ጉልበቶቹ መካከል ይዞት ነበር። ክር ነበር፣ ስለት ነበር፤ ለእኛ ሁሉ አንድ ነበር፣ ከአንዳችን ወደ ሌላችን በጨርቅ ተጠርጎ የሚያልፍ። ከዚያ በኋላ ቅቤ ተሰጠን። እኛ ዳንን። የጎረቤታችን ሴት ልጅ ግን ገና ጡት ያልጣለች ነበረች፤ ደሟ አልቆም አለ። ወደ ውስጥ ስትውጠው ስለዋለች ብዙ እንደ ፈሰሳት እንኳ ያወቀ አልነበረም። በማግሥቱ ቀበሯት። ሰዉም «እንጥሏ ቀድሞ ፈንድቶ ነበር» አለ። ያን አባባል እስከ ዛሬ ስሰማው ደሜ ይፈላል፤ የገደላት ስለት ነፃ ወጥቶ የተቆረጠችው ቁራጭ ሥጋ ስለተወቀሰች።

ይሁን እንጂ እናቴን ካላዋቂነት ቆጥሬ አላልፋቸውም። ከእኔ በፊት የወለዱት ወንድ ልጅ ጉሮሮው አብጦ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ፣ በእጃቸው ላይ ነው የሞተው። የነገሩኝን ምልክት ሁሉ ሳስብ፣ አንገቱ ማበጡን፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ነገር መጋገሩን፣ ዘጊ አናዳ ይመስለኛል። የሕፃናት ክትባት በአገራችን በመርሐ ግብር መሰጠት የጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ልጁ ከዚያ በፊት ነበር። አንድ እናት ልጇ ታንቆ ሲሞት ካየች በኋላ ጉሮሮ ውስጥ የምታየውን እብጠት ሁሉ ብትፈራ ማን ይፈርድባታል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በተለየ ምዕራፍ ያስቀጣል፤ ይህም መልካም ነው። እናቴን ግን በሕግ አላስፈራራኋቸውም። «እማዬ፣ የሚቆረጥ ካለ ሐኪም ይቁረጠው፤ አንቱም አብረውን ሄደው ይዩ» አልኋቸው። ሐኪም ሲባል እናቴ እንቢ አይሉም። በወጣትነታቸው ከጎንደር ጤና ኮሌጅ የሚወጡ ተማሪዎች በበቅሎ እስከ መንደራቸው እየመጡ ምንጭ ሲያጸዱና እናቶችን ሲያስተምሩ አይተዋል። ያ ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ወባ ደምቢያን ክፉኛ ካጠቃ በኋላ፣ ለገጠሩ ሕዝብ ሄልዝ ኦፊሰር፣ ሳኒተሪያንና የኅብረተሰብ ነርስ ለማሠልጠን ነበር፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው።

አንገት በላይ ሐኪም በሳምንት የተወሰነ ቀን የሚቀመጥበት ክሊኒክ አገኘን። ሦስታችንም ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ እናቴን አስቀመጣቸው፣ ቀጥሎ ልጁን እሳቸው እቅፍ ላይ አደረገው። እናቴ ወዲያው አፉን ሊያስከፍቱት ሲሉ «ቆይ እማማ፣ ጉሮሮውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው፤ ልጅ አንዴ ካለቀሰ ሌላ ምንም አያሳየኝም» አላቸው።

በጆሮው ጀመረ። በመብራቱ አይቶ የጆሮው ታምቡር ፈዟል፣ ከኋላው ፈሳሽ አለ አለ፤ ሁለቱም ጆሮ እንዲሁ። ከዚያ ቀዝቃዛ የብረት መሣሪያ አፍንጫው ሥር ያዘና አፉን እንዲዘጋ በቀስታ አገጩን ደገፈው። በእኔ አፍንጫ ሥር ሲይዘው ብረቱ ላይ እንፋሎት ታየ። በአቡሽ አፍንጫ ሥር ሲይዘው ብረቱ ጥርት እንዳለ ቀረ፤ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ታግሎ አፉን ከፈተ። እናቴ ይህን በደንብ ተመለከቱ። «በአፍንጫው አይተነፍስም ማለት ነው?» አሉ። «ከቶ አይተነፍስም፤ ለዚህ ነው አፉ የማይዘጋው» አላቸው።

መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን አየ። እንጥሉን ረዘም ላለ ጊዜ ስለተመለከተው እናቴ አሸንፌአለሁ ብለው ቀና አሉ። ሐኪሙ ግን እንጥሉን የፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነው። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ እንጥል ያለው ልጅ ላንቃው ከውስጥ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ሥጋ ቢወጣለት ንግግሩ በአፍንጫው የሚያመልጥ፣ የሚጠጣውም በአፍንጫው የሚመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በፊት እንጥሉን ይመረምራል፣ ላንቃውን ይዳስሳል። የአቡሽ ደህና ነበር። እንጥል የተቆረጠበት ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ምልክት አብሮ ይጠፋ ነበር። እንጥል እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳለው እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ከዚያ ራጅ አዘዘ፤ በጎን የሚነሣ የአንገትና የራስ ራጅ። ፊልሙን ይዘን ስንመለስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ እናቴን ወደ እሱ ጠራቸው። «እማማ፣ ይህ አፍንጫው ነው፣ ይህ ላንቃው። ይህ ጥቁር ሆኖ የሚታየው አየር የሚያልፍበት ነው። እዚህ ላይ ይዩ፤ ከላይ ይህ ሥጋ ወርዶ ሊዘጋው ክር ያክል ነው የቀረው። እንጥሉ ይኼ ነው፤ ከታች ነው፤ ምንም አላደረገም።» እናቴ ፊልሙን ተቀብለው ራሳቸው ያዙት። ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ አስጠግተው ነው ያዩት። ብዙ አልተናገሩም። «ከላይ ነዋ» ብቻ አሉ። ለእኔ የዚያ ሁሉ ጉዞ ፍሬ እሱ ነበር። በምላሴም በሕግም ሊሆን ያልቻለው፣ የማይታየው ቦታ ሲታይ ሆነ።

ያ ሥጋ አዴኖይድ ይባላል። ዕጢ ነው ቢባልም ክፉ ዕጢ አይደለም፤ ከቶንሲል ጋር አንድ ዘር የሆነ፣ በአፍንጫ የሚገባውን ጀርም የሚቀበል የሰውነት ዘብ ነው። ሁሉም ልጅ አለው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ጎልቶ ይተልቃል፣ ከዚያ እየሟሸሸ ሄዶ በጉርምስና ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ጉዳት የሚያመጣው ገና ትንሽ በሆነችው የልጅ ፊት ውስጥ ከቦታው በላይ ሲያድግ ነው፤ ጉንፋን እየተመላለሰ ሲያቆጣው፣ አለርጂ ሲኖር። እንጨትና ኩበት የሚጨስበት ቤትም የልጅን አፍንጫና ጆሮ ያስቆጣል፤ ይህን ስሰማ የወገራ ቤታችን ትዝ አለኝ፤ በብርድ ምክንያት መስኮት የለውም፣ ሕፃን የሚተኛው ከምድጃው አጠገብ ነው።

ከጆሮ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ሐኪሙ በወረቀት ሥሎ አሳየን። ከመሐል ጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ተከፍታ ለጆሮ አየር ትሰጣለች። አፏ ያለው ልክ አዴኖይዱ አጠገብ ነው። ሥጋው ሲያብጥ አፏን ይዘጋዋል፤ ጆሮ ውስጥ አየር ያልቅና ፈሳሽ ይተካል፤ ፈሳሹ እየወፈረ ልጁ ድምፅን ከሩቅ እንደሚመጣ ይሰማዋል። አያመውም፣ መግልም ላይወጣው ይችላል። ስለዚህ ማንም አያውቅለትም፤ «ፈዛዛ» ይባላል፣ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ከመምህሩ በራቀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

ይህን ግንኙነት መጀመሪያ በሚገባ ያስረዳው ዊልሄልም ማየር የተባለ የኮፐንሃገን ሐኪም ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። የጆሮ በሽተኞቹን ሲያክም ነበር። አፋቸው ክፍት፣ ድምፃቸው የታፈነ መሆኑን አስተውሎ ጣቱን ከላንቃቸው ጀርባ አስገብቶ ዳሰሰ፤ ያን ለስላሳ ሥጋ እዚያ አገኘው። ከዚያም ሥጋውን የሚያወጣበትን መሣሪያ ሠራ። ከሞተ በኋላ ሐውልት ቆሞለታል። በበኩሌ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሌሎች ጆሮን ብቻ ሲያዩ እሱ የልጆቹን ፊት አይቷልና።

ሐኪሙ ያን ቀን ስለ ቢላ አልተናገረም። መጀመሪያ በጨው ውኃ አፍንጫውን ማጠብ፣ ከዚያ የኮርቲሶን ዘር የሆነ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ብዙ ልጆች በዚህ ይሻላቸዋል፤ ዕድሜ ደግሞ ያግዛቸዋል። አንቲባዮቲክ አላዘዘም፤ ባክቴሪያ ሲገባበት እንጂ ለመተለቁ መድኃኒት እንዳልሆነ ነገረን። ይህን ስሰማ ከነጠላ ጫፍ የሚፈቱት እነዚያ ባዶ ጠርሙሶች ፊቴ ላይ መጡ። እናቴም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ በአፍንጫው ቅቤ ቢደረግለትስ? ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ፣ ቅቤው ወደ ሳንባ ወርዶ ብርቱ የሳንባ ምች እንደሚያመጣ፣ በዚህ የተጎዱ ሕፃናት እንዳሉ በዝግታ አስረዳቸው። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ የሚያንገበግባቸው ይህ ነበር፤ ለስንት ልጅ እንዳደረጉ እያሰቡ ይመስለኛል፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

መድኃኒቱ ለአቡሽ በከፊል ሠራለት። ንፍጡ ቀነሰ፣ ቀን ላይ አንዳንዴ አፉን ይዘጋል። ሌሊቱ ግን አልተለወጠም፤ ያ ጸጥታ አሁንም ይመጣል። በቀጠሮው ስንሄድ ሐኪሙ ሌሊት በስልኬ የቀረጽሁትን ቪዲዮ አየና፣ ይህ ከማንኛውም ምርመራ ይበልጥ ይነግረኛል አለ። እንዲህ ትንፋሹ እየተቋረጠ ለዓመታት የቆየ ልጅ እድገቱ ይጓተታል፤ ምክንያቱም የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ሲከፋም የልብ ቀኝ ክፍል ይደክማል። ጆሮውም ውስጥ ፈሳሹ ከሦስት ወር በላይ ቆይቷል። ለሆስፒታል ወረቀት ጻፈልን።

ተራ ደርሶን የገባነው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። እናቱ ከደባርቅ ወረደች፤ እናቴም እንደገና መጡ። ጠዋት በባዶ ሆዱ ነበር፤ ምግብ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ መቆም አለበት፣ ንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት። ነርሷ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳለው አየች፣ ቁስል ሲነካው ደም አልቆም ይለው እንደሆነ፣ በዘር እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ስሰማ የጎረቤታችንን ሕፃን አሰብሁ፤ እሷን ማንም አልጠየቀላትም። ቀዶ ሕክምናው በአፍ በኩል ነው፤ ውጭ የሚታይ ስፌት የለም። ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ሐኪሙ ጫፉ ጥምዝ በሆነ መሣሪያ ሥጋውን ከአፍንጫው ጀርባ ካለው ጣሪያ ፍቆ ያወጣዋል፤ ደሙ መቆሙን አይቶ ይጨርሳል። ከግማሽ ሰዓት ብዙም አላለፈም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል።

ያን ሌሊት የተነገረንን ማስጠንቀቂያ ለማንም ወላጅ ደግሜ እነግረዋለሁ። የቀዶ ሕክምናው ዋናው አደጋ ደም መፍሰስ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ አልፎ አልፎም ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን። ትንሽ ልጅ ደሙን አይተፋም፤ ይውጠዋል። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ ልጅ ካያችሁ ጉሮሮውን በባትሪ እዩት፣ ሐኪም ጥሩ። እናቴ ይህን ከሁላችንም በላይ ያዙት። ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው ከልጁ አንገት አልተነቀለም። ልጁ ግን ደህና አደረ። አንድ ጊዜ ብቻ ደንግጠው ቀሰቀሱኝ፤ «ድምፁ ጠፋ» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። አፉን ዘግቶ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ ነበር።

ለጥቂት ቀናት ትንፋሹ ይሸት ነበር፤ አንገቱን ሲያዞር ያመው ነበር፤ ጆሮዬን አለ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጠውም፣ ብዙ ፈሳሽ። እናቴ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትና እርጎ አጠገቡት። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ቀጥኖ በአፍንጫው የሚያመልጥ ሆነና እህቴ ፈራች፤ በሳምንታት ውስጥ ረጋ። «እማማ» የሚለው ቃል «እማማ» ሆኖ ተሰማ። የጆሮው ፈሳሽ ቀስ ብሎ ሄደ፤ በቀጣዩ ምርመራ ሁለቱም ታምቡር ጥሩ ነው ተባለ። ፍራሹም መርጠብ አቆመ። በመስከረም ትምህርት ቤት ስንወስደው ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ጠየቅን፤ አስቀመጡት። በዓመቱ መጨረሻ ያው ልጅ «ወሬ ያበዛል» ተብሎ ነው የተከሰሰው።

ሁሉም ልጅ ቢላ ያስፈልገዋል እያልሁ አይደለም፤ ብዙው አያስፈልገውም። ጉንፋን ሲይዘው ብቻ የሚያንኮራፋ፣ ሲድን የሚተወው፣ ቀን አፉን ዘግቶ የሚውል፣ የሚሰማና የሚያድግ ልጅ ይጠበቅ። ትንፋሹ በእንቅልፍ የሚቋረጥ፣ ሲጠራ የማይሰማ፣ ኪሎው የማይጨምር ልጅ ግን አይጠበቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ ለሚመጡት እናቶች የምለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ስልክ በብዙ ቤት ስላለ «ሌሊት ሲተኛ ቅረጪውና ለሐኪሙ አሳዪው» እላቸዋለሁ።

እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ከተመለሱ በኋላ የሠሩትን ያወቅሁት ደውለው ሲጠይቁኝ ነው። «የአንገት በላዩ ሐኪም የሚቀመጠው ማክሰኞ ነው ሐሙስ?» አሉ። ሐሙስ ነው አልኋቸው። ረቡዕ ማታ ሦስት እናቶችና ሦስት ልጆች አስከትለው ደጄ ቆሙ፤ ሦስቱም ልጆች ለእንጥል ቆራጭ ቀን ተቆርጦላቸው የነበሩ ናቸው። በማግሥቱ ሐኪሙ አንዱን ልጅ ጉንፋን ነው ብሎ በጨው ውኃ ሸኘው። ለሁለተኛው የሚነፋውን መድኃኒት አዘዘለት። ሦስተኛዋ ከአንድ አፍንጫዋ ብቻ ሽታ ያለው ንፍጥ ይወርዳት ነበር፤ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆንና ሲሸት ሌላ ነገር መጠርጠር እንዳለበት ነገረን፣ መብራቱን አስጠግቶ አየ፣ በቀጭን መንጠቆም ያበጠች ሽምብራ ጎትቶ አወጣ።